ለለስላሳ የመኪና ቀለም የትኛው ፖሊሽ፣ የትኛው ፓድ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ2010 ሥሪት ጥቁር ኮሮላ አለችኝ። ስትታጠብ የኖረችው ሰፈር ላቫጆ ነው። ጥላ ውስጥ ስትቆም አዲስ ትመስላለች። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ግን ኮፈኑም ጣሪያውም ክብ ክብ ጭረት ብቻ ነው። አንድ ቦታ ወስጄ በሱፍ ፓድ (ማሽን ላይ በሚለጠፍ ክብ ማሻሻ) ፖሊሽ አስደረግኋት። ሁለት ሳምንት መስታወት መሰለች። ከዚያ ጭረቱ ተመልሶ መጣ፤ በላዩ ላይ ጉም የመሰለ ነገር ተጨመረበት። አሁን የራሴን ዲኤ ማሽን (ፓዱን እያሽከረከረ የሚያወዛውዝ ፖሊሽ ማድረጊያ) ገዝቻለሁ። "የቶዮታ ጥቁር ለስላሳ ነው፣ ተጠንቀቅ" ይሉኛል። የትኛውን ፖሊሽ ከየትኛው ፓድ ጋር ልጠቀም? ሱፉ የበላው ቀለምስ ብዙ ይሆን?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። "ሁለት ሳምንት አብረቅርቃ ጭረቱ ተመለሰ" ያልከው ላይ የመልሱ ግማሽ አለ።

ጭረት አንዴ ከወጣ አይመለስም። አንተ ያየኸው መጀመሪያውኑ ያልወጣውን ነው። ብዙ ኮምፓውንድ (ሻካራው፣ በኃይል የሚቆርጠው ፖሊሽ) እና ፖሊሽ ውስጥ ዘይት፣ ሰም ወይም ሲሊኮን አለ። እሱ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይሞላዋል፤ ዓይንህም ጭረቱን ያጣዋል። መኪናዋ ጥቂት ጊዜ በሳሙና ስትታጠብ መሙያው ይታጠብና የነበረው ይገለጣል። ጉሙ ግን አዲስ ነው፤ እሱን የጨመረው ሱፉ ነው። ስለዚህ አሁን ሁለት ዓይነት ጉዳት አለባት፦ የላቫጆው ጨርቅ የተወው አሮጌ ጭረትና ፖሊሹ የተወው አዲስ ጉም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ዋናውን ልንገርህ። ለስላሳ ቀለም ላይ ጭረት ማውጣት ቀላል ነው፤ ቀለሙ ቶሎ ይበላል። ከባዱ ሌላ ጭረት ሳይጥሉ መጨረስ ነው። ጠንካራ ቀለም የያዘ ሰው ጭንቀቱ "በምን ልቁረጠው" ነው። ያንተ ጭንቀት "በምን ልጨርሰው" መሆን አለበት። ፖሊሽና ፓድ ስትመርጥ ከመጨረሻው ደረጃ ጀምር፤ እሱ ብቻውን ካልበቃ ነው ወደሚበላው የምትሄደው።

አሁን ለስላሳ ነው የተባለውን እንመርምር። "የጃፓን ቀለም ለስላሳ፣ የጀርመን ጠንካራ" የሚባለው በአብዛኛው እውነት አለው። መርሴዲስ ከ2003 ጀምሮ ጭረት እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚቀባው ቀለም አልባ ሽፋን) መጠቀም ጀምሯል፤ እሱን በፖሊሽ ማንቀሳቀስ ልፋት ነው። ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ሱባሩ፣ በተለይ ጥቁር ከሆኑ፣ ደረቅ ጨርቅ ሲያልፍባቸው እንኳ ምልክት ይይዛሉ። ቶዮታ 202 የሚለው ጥቁር በሙያው ውስጥ ባሉ ሰዎች ዘንድ በዚህ የታወቀ ነው። ያንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በሹፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰሌዳ እይ። "ሲ/ቲአር" ከሚለው ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ የቀለም ኮድ ናቸው። 202 ደፍን ጥቁር ነው፤ 209 ውስጡ የሚብለጨለጭ ጥቁር ነው፤ 040 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምታየው ነጭ ነው።

ነገር ግን ኮዱን ብቻ አትመን። አገራችን ውስጥ የምትነዳ የ2010 መኪና አንድም ቦታ ሳትቀባ እዚህ ደርሳለች ለማለት ይከብዳል። ኮፈኑ የፋብሪካ፣ የግራ ፓራፋንጎ የጋራዥ ሊሆን ይችላል። የጋራዡ ደግሞ እንደቀቢው ነው። ማጠንከሪያ በልኩ ካልገባበት፣ በምድጃ ካልደረቀ፣ ከፋብሪካው በጣም ይለሰልሳል። የቀለም ውፍረት መለኪያ የምትዋሰው ሰው ካለ በሁሉም አካል ላይ አስለካ። የጃፓን መኪና የፋብሪካ ቀለም ጠቅላላ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 130 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ይሆናል። አንድ አካል ላይ 200 ወይም 300 ካነበብህ ተቀብቷል። ከዚያ በጣም የሚበልጥ ከሆነ ከሥሩ እስቱኮ አለ። መለኪያ ባይኖርህም በፀሐይ የሁለት አካላትን የቀለም መልክ አስተያይ፤ የበሩንና የመስኮቱን የላስቲክ ማሸጊያ ገለጥ አድርገህ የቀለም ጠርዝ ፈልግ። የተቀባውን አካል ከሌላው ለይተህ ለብቻው ሞክር።

ሌላም ቀላል ፍተሻ አለ። ጥቂት ፖሊሽ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገህ ኮፈኑ ጥግ ላይ በእጅህ እሽ። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ ከላይ ክሊር የለም፤ የምትነካው ቀለሙን ራሱን ነው። ጨርቁ የፖሊሹን መልክ እንደያዘ ከቀረ ክሊር አለ። ክሊር የሌለው ቀለም ይብስ ይለሰልሳል፤ ፓዱንም ቶሎ ይሞላዋል። አትደንግጥ፣ ይሠራል። ፓድ የምታጸዳውና የምትቀይረው ግን በእጥፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ፓድ። እኔ ከፖሊሹ በፊት ፓዱን የማስቀድመው ለስላሳ ቀለም ላይ ልዩነቱን በአብዛኛው የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ነው። አንድ ፖሊሽ በጠንካራ ፓድ ይቆርጣል፤ ያው ፖሊሽ በለስላሳ ፓድ ያጠራል።

ሱፍን ከዚህ መኪና ላይ እርሳው። ሱፍ በክሩ ጫፍ ይቆርጣል፤ እያንዳንዱ ክር የራሱን መስመር ይተዋል። ጠንካራ ቀለም ላይ መስመሩ ደቃቅ ስለሆነ በሚቀጥለው ደረጃ ይጠፋል። ለስላሳው ላይ ጥልቅ ነው። በዚያ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሽከረከር ማሽን ከተጨመረ ፀሐይ ሲመታው እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ ጥላ ይተዋል። ሆሎግራም የሚባለው እሱ ነው፤ ጉም ያልከው ውስጥም እሱ እንዳለበት አልጠራጠርም። የማይክሮፋይበር ፓድ ከሱፍ ይሻላል። ቢሆንም ለዚህ ቀለም አሁንም ብዙ ነው፤ ይቆርጥና ድብዝዝ ያለ ገጽ ይተዋል። ላንተ የሚሆነው ስፖንጅ ነው።

ስፖንጅ ስትገዛ ግን በቀለሙ አትመራ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፓድ ቀለም ዓለም አቀፍ ስምምነት የለውም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ነው የሚያደርገው። ሩፔስ ላይ ቢጫ ስፖንጅ ለማጥራት የተሠራ ለስላሳ ነው። ሌክ ካንትሪ ላይ ቢጫ ከሁሉ የሚቆርጠው ነው። ሜጓየርስ ላይ ደግሞ ቢጫው መሃል ላይ ያለ ነው። "ለለስላሳ ቀለም ቢጫ ግዛ" ተብለህ ያለ ፋብሪካው ስም ሱቅ ከሄድህ፣ ከሦስቱ የትኛውን ይዘህ እንደምትመጣ ዕድልህ ነው የሚወስነው።

ስሙ ያልታወቀ ፓድ ከሆነ በእጅህ ፈትሸው። በሁለት ጣትህ ጨፍልቀህ ልቀቀው። ጠንከር ብሎ ቶሎ የሚመለሰው የሚቆርጥ ነው። እንደ ልብ የሚጨፈለቀው የማጥሪያ ነው። ከዚያ ፊቱን በክንድህ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አሻሸው። ሸካራ ሆኖ ከተሰማህ ቀለሙም ይሰማዋል። ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለ ጠንካራ ሙጫ ወይም የተቆረጠበት ሹል ካለ አትግዛው። እንዲህ ያለ ፓድ ምንም ዓይነት ፖሊሽ ቢቀባው ጭረት ይጥላል።

ዓይነቱን ልንገርህ። ሁለት ዓይነት ስፖንጅ ይበቃሃል፤ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ለስላሳ። ቁጥሩን ግን አብዛው። ለአንድ መኪና ከመካከለኛው ሦስት፣ ከለስላሳው ሦስት ቢኖርህ ጥሩ ነው። ገንዘብህ ውስን ከሆነ አንድ ጥሩ ፖሊሽና ስድስት ፓድ ግዛ። ሦስት ዓይነት ፖሊሽና አንድ ፓድ ይዘህ ከምትለፋ ይህ በጣም ይሻልሃል። ምክንያቱን ወደ አሠራሩ ስደርስ ታየዋለህ።

መጠኑ ማሽንህ ላይ ፓዱ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ትንሽ የሚበልጥ ይሁን። ሰሌዳው 125 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ135 እስከ 150 የሆነ ፓድ ይስማማዋል። በጣም ወፍራም ፓድ አትምረጥ፤ የማሽኑን እንቅስቃሴ ይውጠዋል። ለስፖኪዮ፣ ለበር እጀታ ዙሪያና ለምሰሶዎቹ ትንሹ 75 ሚሊ ሜትር ፓድ ቢኖርህ መልካም ነው። ከሌለህ እነዚያን ቦታዎች በእጅ ጨርሳቸው። ትልቁን ፓድ በጠርዙ እያጋደልህ አታስገባ።

ፖሊሹ። ጠርሙሱ ላይ "ኮምፓውንድ" ወይም "ሄቪ ከት" የሚል ካየህ መደርደሪያው ላይ ተወው፤ የፈለገ ቢወደስም ለአሁኑ አያስፈልግህም። የምትፈልገው የማጥሪያ ፖሊሽ የሚባለውን ክፍል ነው። እኔ ለለስላሳ ቀለም የማምናቸው ጥቂት ናቸው። ከሜንዜርና 3500ና 3800 አሉ። በዚህ ፋብሪካ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር ፖሊሹ ይልማል፤ 400 ኃይለኛው፣ 2500 መካከለኛው፣ 3800 ከሁሉ የላመው ነው። ከሜጓየርስ ኤም205 አለ። ከሶናክስ ፐርፌክት ፊኒሽ አለ፤ ጠርሙሱ ላይ 04-06 የሚል ታያለህ። የመጀመሪያው ቁጥር የመቁረጥ፣ ሁለተኛው የማንጸባረቅ ደረጃው ነው። ይህ ለስላሳ ቀለም ላይ ብቻውን ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ይችላል። 3ኤም ካገኘህ ክዳኑ ሰማያዊ የሆነውን አልትራፊና ውሰድ። አረንጓዴ ክዳን ያለው ኮምፓውንዱ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሸጡ ለይተህ ያዝ። እዚህ ካጣህ ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ አንዱን ጠርሙስ ሊያመጣልህ ይችላል። አንድ ጠርሙስ ብዙ መኪና ይሠራል።

ሁለት ዓይነት ፖሊሽ እንዳለ ማወቅ ይጠቅምሃል፤ አሠራራቸው ይለያያልና። አንዱ ውስጥ ያለው ደቃቅ መፋቂያ በማሽኑ ሲታሽ እየተሰባበረ ይልማል። ብዙዎቹ የሜንዜርና ምርቶች እንዲህ ናቸው። እንዲህ ያለውን መሃል ላይ ካቆምኸው መፋቂያው ገና ሻካራ ነው፤ ለስላሳ ቀለም ላይ የሚተወው ጉም ነው። እስኪሳሳና ጥርት ብሎ ከሥሩ ቀለሙ እስኪታይ ድረስ ሥራው። ሌላው ዓይነት፣ እንደ ኤም205 ያለው፣ መፋቂያው አይሰባበርም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው። እዚህ ላይ መጨረሻውን የሚያለሰልሰው እጅህ ነው፤ ግፊቱን ትቀንሳለህ፣ ፍጥነቱን ትቀንሳለህ። ለጀማሪ ሁለተኛው ይቀላል ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን በጣም ለስላሳ ጥቁር ላይ ኤም205 ቀጭን ጉም የሚተውበት ጊዜ አለ። ያኔ 3800 ያድናል።

አሁን ሥራው። መኪናዋን በደንብ አሳጥባት፤ ቢቻል ራስህ እጠባት። ከዚያ ኮፈኑ ላይ እጅህን በቀጭን ላስቲክ ሸፍነህ ዳስሰው። አሸዋ አሸዋ የሚል ከሆነ በሳሙናማ ውሃ እያራስህ ለስላሳውን ክሌይ (የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ ጭቃ መሰል ነገር) እለፍበት። ክሌይም ለስላሳ ቀለም ላይ ቀላል ጭረት ይተዋል፤ ፖሊሽ ስለሚከተል አይጎዳህም። ፖሊሽ የማታደርግበት ቀን ግን ክሌይ አታውጣ።

ጥላ ውስጥ ግባ። አዲስ አበባ አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብለህ እንዳትታለል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥቁር ኮፈን ይፋጃል። መዳፍህን አስቀምጠህ ቆይ። መታገስ ካቃተህ ፖሊሹም ሳይሠራ ይደርቃል። ጠዋት በጣም የተሻለ ነው። የአካሎቹን ጠርዝና ሹል መስመሮች በቀለም ቀቢዎች ፕላስተር ሸፍናቸው፤ ቀለም ከሁሉ የሚሳሳው እዚያ ነው።

ኮፈኑ ላይ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ በፕላስተር ከልል። የሙከራ ቦታህ ይህ ነው። መኪናዋን በሙሉ እንዴት እንደምትሠራት የሚወሰነው እዚህ ነው። ለስላሳውን ስፖንጅና የላመውን ፖሊሽ ያዝ። በመጀመሪያ ፖሊሹን በጣትህ ፓዱ ፊት ላይ ሁሉ ስስ አድርገህ ቀባ፤ ደረቅ ቦታ አይቅር። ደረቅ ስፖንጅ በራሱ ይጭራል። ከዚያ አተር የሚያህል ሦስት አራት ጠብታ ጨምር። ሳታበራ ፓዱን ቦታው ላይ አሳርፈህ አዳርሰው፣ ከዚያ አብራ። የማሽንህ ፍጥነት ከ1 እስከ 6 ከሆነ 4 ላይ አድርገው። እጅህ ቀስ ይበል፤ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁልቁል፣ እያንዳንዱ መንገድ በቀደመው ግማሽ ላይ ይደረብ። አራት ዙር። የመጨረሻውን ዙር 3 ላይ አውርደው፤ በክንድህ ምንም አትጫን።

ግፊቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማሽኑ ራሱ ወደ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ኮፈንና ጣሪያ ላይ ለማጥራት ክብደቱ ይበቃዋል፤ ያንተ እጅ የሚመራ ብቻ ነው። በር ላይ ክብደቱ ስለማይደግፍህ ፓዱ ሳይለቅ እንዲነካ ያህል ትገፋዋለህ። ሰሌዳው ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምር። ስትሠራ መስመሩ ሲዞር ታየዋለህ። ከቆመ ብዙ ተጭነሃል፣ ወይም ፓዱ ጎብጧል፣ ወይም ሞልቷል። ለስላሳ ቀለም ላይ ፓዱ ሳይዞር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉም እየጣልህ ነው።

አሁን ጥረገው። እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ሥራ ይበላሻል። ለስላሳ ጥቁር ቀለም በጨርቁ ራሱ ይጫራል። አዲስ፣ ጸጉሩ ረዘም ያለ ማይክሮፋይበር ውሰድ፤ ጠርዙ ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት ቆርጠህ ጣል። ጨርቁን አራት አጥፈው፤ በመዳፍህ ሳትጫን በራሱ ክብደት ሳበው። መሬት የወደቀ ጨርቅ ለጎማ ይሁን፤ አራግፈኸው ወደ ቀለሙ አትመልሰው።

ከመፍረድህ በፊት ዘይቱን አውጣ፤ አለዚያ የዚያ ፖሊሽ ቤት ታሪክ ይደገማል። 70 በመቶ አልኮል ከፋርማሲ ግዛ፤ አንድ እጅ አልኮል ለአምስት እጅ ውሃ ቀላቅል። ወደ 12 በመቶ ይሆናል፤ ይበቃል። የእጅ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ ግሊሰሪን ስላለበት ራሱ ሽፋን ይተዋል። ረጨት አድርገህ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ አንሳው። አልኮሉን ጠንካራ አታድርገው፣ ደጋግመህም አትሽው፤ ለስላሳ ቀለም አልኮል ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ ጨርቁም ይጭረዋል። ከዚያ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አውጣት፤ ካልሆነ የስልክህን መብራት አስጠግተህ እይ።

ያየኸውን ማንበብ ቻል። ዋናው ዕውቀት እዚህ ነው። አሮጌው ጭረት ክብ ክብ ሆኖ መብራቱን ተከትሎ ከሄደ ገና አልወጣም፤ የመቁረጥ ኃይሉ አንሷል ማለት ነው። ቀጥ ያሉ፣ አንድ አቅጣጫ የያዙ ደቃቅ መስመሮች ካየህ ፖሊሹም ፓዱም ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ የጨርቁ ነው። አጫጭር፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የጎበጡ ምልክቶች በሁሉም አቅጣጫ ተበትነው ካየህ ከፓዱ የመጡ ናቸው፤ ወይ ፓዱ ጠንካራ ነው፣ ወይ ቆሻሻ ይዟል፣ ወይ ተጭነሃል። ጭረት ሳይለይ ሁሉም ነገር ግራጫ ሆኖ ጥቁሩ ከደበዘዘ ፖሊሹ አላለቀም ወይም በዝቷል። ይህን ሳይለዩ ፖሊሽ መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው። ጨርቁ የጫረውን በፖሊሽ ታስተካክልና መልሰህ በዚያው ጨርቅ ትጭረዋለህ።

ጭረቱ ግማሹ ብቻ ከወጣ ፖሊሹን አትቀይር። ያንኑ ፖሊሽ በመካከለኛው ስፖንጅ ሞክረው። በብዙ ለስላሳ መኪና ላይ የላመ ፖሊሽ ከመካከለኛ ፓድ ጋር ላቫጆ የጣለውን ጭረት በሙሉ ያወጣል፤ ከዚያ ለስላሳው ፓድ ያጠራዋል። ያ ካልበቃ ብቻ ወደ 2500 ወይም መሰሉ መካከለኛ ፖሊሽ ውጣ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፦ ወይ ፓዱን፣ ወይ ፖሊሹን፣ ወይ ግፊቱን። ሁለቱን አብረህ ከቀየርህ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ጉሙ አልለቅ ካለም መንገዱ ያው ነው። መጀመሪያ ፓዱን በንጹሕ ቀይር። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። ካልሆነ የፖሊሹን መጠን ቀንስ። ካልሆነ ፍጥነቱን አውርድ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ 3800 የምትሄደው። በጣም የለሰለሰ ስፖንጅ መድኃኒት ነው ብለህም አትመን። አንዳንድ ቀለም ላይ መካከለኛ ስፖንጅ በጣም ከላመ ፖሊሽ ጋር ሆኖ በጣም ከለሰለሰው ስፖንጅ የበለጠ ጥርት አድርጎ ይጨርሳል፤ የለሰለሰው ፖሊሹን ይጠጣና ገጹ ላይ ይንሳፈፋል። ሞክረህ ማየት ነው።

ፓድ አብዛ ያልኩህ ምክንያቱ ይኸው። ከቀለሙ የተፋቀው ደቃቅ ነገር ሁሉ ፓዱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከደረቀ ፖሊሽ ጋር ተጣብቆ ጉብ ጉብ ይሠራል፤ ያ ጉብታ ጠንካራ ቀለም ላይ ብዙ አይታይም፣ ለስላሳው ላይ ግን እያንዳንዱ ይጽፋል። አንድ ክልል በጨረስህ ቁጥር ማሽኑን አብርተህ በለስላሳ የፓድ ብሩሽ ጥረገው፤ መንፊያ ካለህ ንፋው። ሁለት አካል ከሠራህ በኋላ ቀይረው፤ ክሊር ከሌለው በየአካሉ። የተቀየረውን ወዲያው በለብታ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና እጠበው፤ ከደረቀ አይለቅም።

ባምፐሩን በተመለከተ፣ ከሥሩ ፕላስቲክ ነው። ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም፤ ተራው መለኪያም አያነበውም። ሁለት ዙር አድርገህ እጅህን አስቀምጥ። ከሞቀ እረፍ።

መከላከያውን አጭር ላድርገው። ሴራሚክ የሚባለው ፈሳሽ ሽፋን ቀለምህን ያጠነክራል የሚሉህን አትስማ። ሽፋኑ በጣም ስስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ማይክሮን አይበልጥም። 9ኤች የሚሉትም በእርሳስ የሚለካ የሽፋኑ ጥንካሬ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቀለም እንደነበረ ነው። ውሃና ቆሻሻ እንዳይዝ ያደርጋል፤ እሱ ትልቅ ጥቅም ነው። የላቫጆውን ጨርቅ ግን አይመልስም። ለዚህ መኪና ጥሩ ሰም ወይም ሲላንት (በፋብሪካ የተሠራ ሰም መሰል መከላከያ) በየሦስት ወሩ ብታደርግ ይበቃታል። በቅርብ የተቀባ አካል ካለ ሁለት ሦስት ወር ሳትሸፍነው ይተንፍስ። እጥበቱ ላይ ግን አደራ። መጀመሪያ ጭቃና አቧራውን በውሃ ግፊት አስወግድ፤ ከዚያ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ለሳሙና፣ አንድ ለማለቅለቂያ። ጎማ የነካ ጨርቅ ኮፈን አይንካ። ላቫጆ መሄድ ግድ ከሆነብህ የራስህን ጓንትና ፎጣ ይዘህ ሂድ፤ "በዚህ እጠቡልኝ" በል፤ ማንም አይከፋም።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ ሱፉ ስንት በላ ያልከው። የጃፓን መኪና ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የላመ ፖሊሽ በለስላሳ ስፖንጅ ከአንድ ማይክሮን ብዙም አይበልጥም። ሱፍ ከኮምፓውንድ ጋር ግን ለስላሳ ቀለም ላይ ከሦስት እስከ አምስት፣ ጠርዝ ላይ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። አንድ ጊዜ ከሆነ መኪናዋ አልሞተችም። ፀሐይን የሚከላከለው ነገር ያለው ግን ክሊሩ ውስጥ ነው፤ ከሲሶው በላይ ከሄደ በጥቂት ዓመት ውስጥ መንጣትና መላጥ ይጀምራል። የተፋቀ ክሊር በሰምም በሴራሚክም አይተካም። ስለዚህ ኮፈኑንና ጣሪያውን አስለካ። ያልተነካ ቦታ፣ ለምሳሌ በር ስትከፍት ከውስጥ ያለውን ምሰሶ፣ ማነጻጸሪያ አድርገው፤ እዚያ ቀለሙ ከውጪው ትንሽ ሊሳሳ እንደሚችል ግን አስብ። ውጪው 100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያልኩህን በሙሉ ያለ ስጋት ሥራ። ከ80 በታች የሚያነብ ቦታ ካለ እዚያ ላይ በለስላሳው ፓድ ጉሙን ብቻ አንሳ፤ ጭረቱን ተወው። በሹል መስመሮቹ ላይ ቀለሙ ሳስቶ ከሥር ሌላ መልክ መታየት ከጀመረ ደግሞ ማሽኑን አታስጠጋ፤ ያ ቦታ የቀቢ ነው።